የሚስት ስም በመሬት ደብተር ላይ

ስለ ሴቶች መብትና ስለ አገር ልማት በየጉባኤው ብዙ ይነገራል። እኛ ግን ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ አንዲት ትንሽ ደብተር ልንናገር ወደድን፤ እርስዋም በገጠር ለሚኖር ገበሬ የምትሰጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ናት።

ሴት ልጅ ከመሬት ድርሻ ማግኘትዋ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በጎጃምና በጎንደር በቀድሞው ሥርዐት ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይወረስ ነበርና፥ ሴቲቱም እንደ ወንድምዋ ድርሻዋን ትጠይቅ ነበር። ነገር ግን በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ወንድ ስለ ሆነ፥ በብዙ ስፍራ ግብር የሚከፍለውም በዳኛ ፊት የሚቆመውም እርሱ ሆኖ የእርስዋ ስም ከስሙ በስተ ኋላ ተሰወረ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ባልን የቤተ ሰብ አለቃ አደረገው። ይህ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለ የቤተ ሰብ ሕግ ነው።

ወደ ደብተሩ እንመለስ። በ1990 ዓ.ም. ግድም በትግራይ መሰጠት ሲጀምር የሚጻፈው የቤቱ አባወራ ስም ስለ ነበረ፥ ባል ያላት ሴት ከጽሑፉ ውጭ ቀረች። በ1995 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተጀመረው ግን የባልንና የሚስትን ስም ከነፎቶግራፋቸው ባንድነት ያዘ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቍጥር 456ም ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተሩ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ።

ሥዕል በሚታተምበት ጋዜጣ ስለምንጽፍ አድልተን ይሆናል፤ ነገር ግን ከስሙ ይልቅ ፎቶግራፉ እንደሚበልጥ እናምናለን። ፊደል ያልቈጠረች ሴት ስምዋ መጻፉን ወይም መፋቁን በምን ታውቃለች? መልክዋን ግን ታውቃለች። ሌላ ሴት ይዞ ቀርቦ «ሚስቴ ይህች ናት፥ ተስማምታለች» ለሚልም ሰው መንገዱ ይጠብበታል።

የዚህ ጥቅም ጐልቶ የሚታየው ባል የሞተባት ወይም የፈታች ሴት ዘንድ ነው። በሬም አራሽም ስለሌላት መሬትዋን በእኩል ወይም በሲሶ ለሌላ ሰው ትሰጣለች፤ ደብተር ባልነበረ ጊዜ ግን አራሹ ውሎ አድሮ «የእኔ ነው» ይለኛል ብላ ትፈራለች። ስለዚህ አንዳንዲቱ ለማታምነው ባዕድ ከመስጠት ለዘመድ ሰጥታ ትንሽ ምርት መቀበልን ትመርጣለች፤ ዘመድ ደግሞ ሰነፍ ቢሆን ማስወጣቱ አስቸጋሪ ነው። በትግራይ የተደረገ ጥናት ደብተር ከተሰጠ ወዲህ ሴቶች የሚያስተዳድሩአቸው ቤቶች መሬታቸውን ይበልጥ ማከራየታቸውን አሳይቷል። ለብልህ አራሽ የተሰጠ መሬት የሚያፈራው እህል ለሴቲቱ ጎተራ ብቻ የሚቀር አይደለም።

እንግዲህ ነገሩ በመዝገብ ቤት ባሉ ሹማምንት እጅ ነው። መሬት ሲከራይ፥ ሲወረስ፥ ደብተር ሲታደስ ባልን ብቻ አቁሞ መጻፍ ለሥራ ይፈጥናል፤ ነገር ግን አንድ ቀን የተቈጠበበት ሥራ ለዐሥር ዓመት ሙግት ይሆናል። ሚስቲቱ ትጠራ፥ የተጻፈውም ይነበብላት። በደብተሩ የየማሳው አዋሳኝ በምሥራቅ፥ በምዕራብ፥ በሰሜንና በደቡብ ተጽፎአልና፥ የሚነበበው የጎረቤቶችዋ ስም ነው፤ ማንበብ ባትችልም አንዱ ቢሳሳት ወዲያው ታርመዋለች።