ፊደልና የዜግነት መብት

ፊደል መቍጠር ብቻውን ጎልማሳን ዜጋ ያደርገዋል ለማለት አንደፍርም። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ፥ በደቡብ ካሮላይና፥ በጆንስ ደሴት ለጥቁር ጎልማሶች የተከፈተውን የማታ ትምህርት እንመልከት። በዚያን ጊዜ የግዛቱ ሕግ፥ በቂ ንብረት የሌለው ሰው ለመምረጥ ሲመዘገብ ከሕገ መንግሥቱ አንድ ክፍል እንዲያነብ ያዝ ነበር፤ ይህም ብዙ ጥቁሮችን ከምርጫ አራቀ።

አስተማሪዋ በርኒስ ሮቢንሰን ጠጉር ሠሪ ነበሩ፤ የተመረጡትም ጎልማሶቹን እንደ ሕፃን እንዳይቈጥሩ ታስቦ ነው። የልጆቹን መጽሐፍ ትተው፥ በመጀመሪያ የየራሳቸውን ስም፥ ቀጥሎም የመራጭነት ማመልከቻውን አስተማሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የምርጫ መብት ሕግ በዚያ ግዛት የንባቡን ፈተና አገደ።

እኛም ጎልማሳ ስናስተምር፥ በማያነበው ወረቀት ላይ ጣቱን የሚያትመውን ሰው እናስብ። የመጀመሪያው ትምህርት ስሙ፥ ሁለተኛውም ያው ወረቀት ሊሆን ይገባዋል ብለን እናምናለን።