አማርኛ የተጻፈበት የውጭ ሜዳሊያ

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ከቃኘው ሻለቃ ዘማች የተወረሰ ሜዳሊያ ያለው ቤተሰብ፣ አማርኛ የተቀረጸበትን ሁሉ የኢትዮጵያ ሽልማት ነው ሊል ይችላል። ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመሮች ባሉት ጥብጣብ የተንጠለጠለው ነሐስ ግን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኮሪያ ሜዳሊያ ነው። ድርጅቱ በ1943 ዓ.ም. ያቋቋመው ይህ ሜዳሊያ በተለያዩ የዘማች አገሮች ቋንቋዎች ተቀርጿል፤ ለኢትዮጵያውያኑም በአማርኛ።

ልዩነቱ የሚገለጠው በደንብ ልብስ ላይ ነው። በአብዛኞቹ ሠራዊቶች ደንብ የውጭ ሜዳሊያ ያለ መንግሥት ፈቃድ አይደረግም። ሲፈቀድም የአገር ሽልማት ወደ ደረት መሐል ይቀድማል፤ የውጭው፣ ማዕረጉ የቱንም ያህል ቢገን፣ ወደ ግራ ክንድ ይከተላል።

በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የጥብጣቡ ቀለም አይለይም፤ ተራው ግን ይነበባል። ሜዳሊያዎቹን ለበዓል አውጥቶ መልሶ የሚሰካ ልጅም ከአባቱ ፎቶግራፍ ጋር ቢያመሳክር አይሳሳትም።