«መስቀያ» እና «ማከማቻ»፦ በግድግዳ ላይ የሚውሉ የሥራ መሣሪያ ሰሌዳዎችና የሱቅ ማሳያቸው አሰያየም

አንድን ባዕድ ዕቃ በአማርኛ ለመሰየም የሚነሣ ተርጓሚ በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው ዕቃው ምን እንደሚሠራ ነው፤ በምንጩ ቋንቋ ምን እንደሚባል መጠየቅ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በዚህ ጽሑፍ ይህን መመሪያ በአንድ ጠባብ መስክ ላይ እንፈትነዋለን። መስኩም መዶሻ፣ መጋዝ፣ መፍቻና የመሳሰሉት የሥራ መሣሪያዎች በግድግዳ ላይ በሥርዓት የሚያዙበት ሰሌዳ፣ እንዲሁም ይኸው ሰሌዳ በሱቅ ውስጥ ለገዢ የሚታይበት አኳኋን ነው። ጉዳዩ ትንሽ ቢመስልም የዕቃ መግለጫ፣ የሙያ ማሠልጠኛ ጽሑፍና የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ለሚተረጉሙ ሰዎች ተግባራዊ ችግር ነው።

1. ቃላቱ የመጡበት መንገድ

ከድሬዳዋ በሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ የምትገኘውና ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ ያለችው ጀልዴሳ፣ የባቡር ሐዲድ ከመዘርጋቱ በፊት በዘይላና በሐረር መካከል የሚመላለሰው የሲራራ ንግድ ዋና ማረፊያ ነበረች። ከባሕር ጠረፍ በግመል የመጣው ጭነት እዚያ ይራገፍና በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ወደ ሐረር ደጋ ይወጣ ነበር። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ወደ አዲሲቱ ከተማ ዞረ፤ ጀልዴሳም የቀድሞ ሚናዋን አጣች።

ይህን ያነሣነው ለዕቃና ለመሣሪያ የምንጠቀምባቸው ቃላት እንደ ጭነቱ ሁሉ በየዘመኑ ከተለያየ አገር ስለ መጡ ነው። «ሱቅ» እና «ኩላብ» የዐረብኛ ቃላት ናቸው፤ በጀልዴሳ በር ብቻ ገቡ ባንልም፣ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ንግድ ጋር እንደሚዛመዱ አያጠራጥርም። ከባቡሩ ጋር «ሽመንደፈር» እና «ለገሃር» ከፈረንሳይኛ ገቡ። ከጣልያንኛ ደግሞ «ካቻቢቴ»፣ «ፒንሳ»፣ «ሞርሳ»፣ «ላሜራ»፣ «ጎሚስታ» የተባሉት በሠራተኛው አፍ ጸንተው ቀርተዋል። እንግዲህ ለመሣሪያ ሰሌዳ ስም የሚያወጣ ሰው ባዶ ሜዳ ላይ አይቆምም፤ ከፊቱ ነባር ቃል አለ።

2. ግድግዳው አስቀድሞ ምን ይሠራ ነበር?

ዕቃን በግድግዳ ላይ መያዝ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በሰሜኑ ክፍል በነባር ቤቶች ውስጥ የከብት ቀንድ ወይም የእንጨት ካስማ በግድግዳ ላይ ተተክሎ ጋሻ፣ ኮርቻና ልጓም ይሰቀልበት ነበር። የጀልዴሳ ጭነት ይደርስባት በነበረችው በሐረር ደግሞ፣ በነባሮቹ የሐረሪ ቤቶች ውስጥ ግድግዳው መስኮት መሰል ጎድጓዳ ቦታዎች ወጥተውለት፣ ሳሕኑና ጎድጓዳ ዕቃው በእነርሱ ውስጥ፣ የስፌት ሥራው ደግሞ በግድግዳው ላይ ይደረደራል። እዚያ ዕቃው የሚቀመጠው እንዲጠበቅ ብቻ ሳይሆን እንግዳ እንዲያየውም ጭምር ነው። መያዝና ማሳየት በአንድ ግድግዳ ላይ ተዋሕደዋል ማለት ነው። በሱቅ የሚታየው የመሣሪያ ሰሌዳም ይህንኑ ጥምር ሥራ ስለሚሠራ፣ ስያሜው ሁለቱን ለይቶ የማመልከት ዐቅም ሊኖረው ይገባል።

3. የግሱ ምርጫ

አማርኛ የመሣሪያንና የቦታን ስም በአብዛኛው ከግስ ያወጣል። ስለዚህ ስም መምረጥ ማለት ግስ መምረጥ ነው። ለጉዳያችን የሚቀርቡት ግሶች የሚከተሉት ናቸው።

«አከማቸ» ብዙ ነገር በአንድ ቦታ መሰብሰብን ያመለክታል፤ «ማከማቻ» የእህልና የሸቀጥ ነው። «ደረደረ» በተራ ማኖርን ያሳያል፤ «መደርደሪያ» ዕቃው ከሥሩ ደግፎ የሚይዘው ወለል አለው። «አንጠለጠለ» ሲባል የተያዘው ነገር የሚወዛወዝ ይሆናል። «ሰቀለ» ግን ከፍ አድርጎ በአንድ ነጥብ ማያያዝን ይገልጻል።

ሰሌዳው የተሠራው መሣሪያው እንዳይከመር፣ እያንዳንዱም የራሱ ቦታ እንዲኖረው ነው። አንድ መሣሪያ ሲጎድል ባዶ ቦታው ወዲያው ይታያል፤ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። «የግድግዳ ማከማቻ» የሚለው ቃል በቃል ትርጉም ይህን ጥቅም ይሽራል፤ አንባቢው የሚገምተው ክምር ነውና። ስለዚህ «መስቀያ ሰሌዳ» የሚለውን እናቀርባለን።

የዚህን ልዩነት ክብደት የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ በካይዘን ትርጉም ውስጥ ይገኛል። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የተስፋፋው የሥራ ቦታ አደረጃጀት በጃፓንኛ አምስት ቃላት የተመሠረተ ነው፤ ቃላቱ በላቲን ፊደል ሲጻፉ ሁሉም በአንድ ፊደል ይጀምራሉ። በአማርኛ «አምስቱ ማ» ተብለው ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ ሆነዋል። ተርጓሚዎቹ የፊደሉን ተመሳሳይነት ከአማርኛው ሰዋስው ማግኘታቸው የሚደነቅ ነው፤ በ«አ» የሚጀምር ግስ ንኡስ አንቀጹ በ«ማ» ይጀምራልና። ይሁን እንጂ ሁለተኛው ቃል፣ «ሴይቶን»፣ እያንዳንዱን ዕቃ በተወሰነለት ቦታ ማዋልን ሲያመለክት፣ «ማስቀመጥ» የትም ማኖርን ሊያካትት ይችላል። ቃሉ በሥልጠና ማብራሪያ ይቃናል፤ ማብራሪያ በማይታከልበት በሱቅ ምልክት ላይ ግን ቃሉ ብቻውን መቆም አለበት።

4. ሁለት አሳሳች ቃላት

የመጀመሪያው «ጋራዥ» ነው። በአማርኛ ይህ ቃል በይበልጥ የሚገልጸው መኪና የሚጠገንበትን ቦታ ነው። የውጭ አገር የዕቃ መግለጫዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት በመኖሪያ ቤት ስላለው መኪና ማደሪያ ክፍል ነው። ለቤት የታሰበው ቀላል ሰሌዳ «የጋራዥ» ተብሎ ቢተረጎም፣ ገዢው የከባድ መኪና መፍቻ የሚችል ነው ብሎ ሊወስደው ይችላል።

ሁለተኛው «መሣሪያ» ነው። ብቻውን ሲቆም የጦር መሣሪያን ስለሚያስታውስ፣ «የመሣሪያ መስቀያ» የጠመንጃ መስቀያ ሊመስል ይችላል። «የሥራ መሣሪያ» ማለት ይበቃል።

ከዚህ ጋር የሠራተኛውን ቃል እንዳንጥል እናሳስባለን። «ካቻቢቴ» ባዕድ ነው ተብሎ «መፍቻ» ቢባል፣ የብሎን መፍቻውና ካቻቢቴው በሰሌዳው ላይ አንድ ስም ይይዛሉ። «ፒንሳ» እና «ጉጠት»ም አንድ አይደሉም፤ ጉጠት የአንጥረኛውን እሳት ያስታውሳል፣ ፒንሳ የመካኒኩ ነው።

5. የሱቅ ማሳያው

በሱቅ ግድግዳ ላይ ሰሌዳው ሁለት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። አንደኛ፣ ባለሱቁ መዶሻና ፒንሳ ሰቅሎ የሚሸጥበት የሱቁ ዕቃ ነው። ሁለተኛ፣ ራሱ ሰሌዳው ሸቀጥ ሆኖ፣ የተሰቀሉበት መሣሪያዎች አያያዙን ለማሳየት ብቻ የቀረቡ ናቸው። ገዢው በየትኛው ፊት እንደ ቆመ ካላወቀ፣ በዋጋው ውስጥ መሣሪያዎቹም እንዳሉ ሊቆጥር ይችላል። ስለዚህ ለመጀመሪያው «የመሸጫ መስቀያ»፣ ለሁለተኛው «ማሳያ» የሚሉትን መለየት ያስፈልጋል፤ በሁለተኛው ላይ «የተሰቀሉት ለማሳያ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ይገባዋል።

ከዚህ የሚከብደው የጭነት ልክ ነው። በመግለጫ ላይ የሚሰጠው ክብደት የአንዱ ኩላብ ወይም የመላው ሰሌዳ ሊሆን ይችላል። ተርጓሚው ሁለቱንም «የመሸከም ዐቅም» ብሎ ካለፈ፣ የሰሌዳው ልክ በአንድ ኩላብ ላይ ይጫናል፤ የሚወድቀውም ብረት በሥሩ በቆመው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ «የኩላብ ዐቅም» እና «የሰሌዳ ዐቅም» ተብሎ መለየት አለበት።

6. የምናቀርባቸው ቃላት

መስቀያ ሰሌዳ፦ የሥራ መሣሪያ የሚሰቀልበት፣ በግድግዳ ላይ የሚያያዝ ማናቸውም ሰሌዳ።

ባለቀዳዳ መስቀያ ሰሌዳ፦ ከማዞኒት፣ ከላሜራ ወይም ከፕላስቲክ ተሠርቶ፣ በተመጣጠነ ርቀት፣ በተለመደው ዓይነት በየ2.5 ሳንቲሜትር ገደማ፣ የተበሳ ሰሌዳ።

ባለቦይ መስቀያ ሰሌዳ፦ ከዳር እስከ ዳር አግድም የሚሄዱ ቦዮች ያሉት፣ ኩላቡ በቦዩ ውስጥ የሚገባበት።

ኩላብ፦ በቀዳዳው ወይም በቦዩ የሚገባ፣ መሣሪያውን የሚይዝ ቆልማማ ብረት። «መንጠቆ» ዓሣ ማጥመጃን ስለሚያስታውስ ነባሩ «ኩላብ» ይመረጣል።

ማራቂያ፦ የኩላቡ ጫፍ ከኋላ እንዲገባ ባለቀዳዳውን ሰሌዳ ከግድግዳ የሚያርቅ እንጨት ወይም ፕላስቲክ።

ባለምስል ሰሌዳ፦ የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ በቦታው የተሣለበት ሰሌዳ። «የጥላ ሰሌዳ» የሚለው ቃል በቃል ትርጉም ጥላ የሚጥል ነገር ስለሚመስል አይመከርም።

እነዚህ ስያሜዎች በሥራ ላይ ሲውሉ ሊፈተኑ የሚገባቸው በመካኒኮች፣ በአናጢዎችና በባለሱቆች ዘንድ ነው። ሠራተኛው ሰሌዳውን ሳያይ ስሙን ሰምቶ የትኛው እንደ ሆነ ካወቀ ቃሉ በመዝገበ ቃላት ይግባ፤ ካላወቀ ግን፣ አሠራሩ ምንም ያህል የሰዋስውን ሕግ የተከተለ ቢሆን፣ ሌላ ቃል መፈለግ ይኖርብናል።