ጫፉ ያልተያዘ ክር

የስፌት ዕቃ የሚቀመጥበትን የብስኩት ቆርቆሮ የከፈተ ሰው ዕጣው ይታወቃል። ጥቁሩን ክር ላንሳ ሲል ነጩና ቀዩ አብረው ይነሣሉ፤ ከሥራቸው ደግሞ አንድ መርፌ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ቆርቆሮው ለወራት ሳይነካ ኖሮም ይሆናል። ልጆች ነካክተውት ነው ብሎ መቆጣት ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ልጆቹ ንጹሕ ናቸው። ጥፋቱ የክሩ ጫፍ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚያደርገው የተፈጥሮ ሕግ ያዘዘውን ነው።

ነገሩን ከክሩ አሠራር እንጀምር። አንዲት የጥጥ ጭረት ብትረዝም ብትረዝም ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ናት። ከዚህች አጭር ነገር መቶ ሜትር ክር የሚወጣው ሙጫ ተቀብታ አይደለም፤ እንዝርቱ ሲሾር ጭረቶቹ እየተጠማዘዙ ስለሚከርሩ ነው። የከረረ ክር ሲሳብ ጭረቶቹ እርስ በርስ ይጨማመቃሉ፤ በተጨማመቁ ቁጥር በመካከላቸው ያለው ሰበቃ ይበረታል፤ ሰበቃው ሲበረታ መንሸራተት ያቅታቸዋል። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1638 በታተመው መጽሐፉ ከአጫጭር ጭረቶች የተገመደ ገመድ እንዴት ያን ያህል ጉተታ እንደሚችል አንሥቶ ተከራክሮበታል። ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ ዋረን፣ ቦልና ጎልድስታይን የተባሉ ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2018 እንደገና ሠርተውበታል። እንደ እነርሱ ስሌት ሰበቃውና የጭረቶቹ ብዛት ከአንድ ደረጃ ካለፈ በኋላ መንሸራተት ይቀራል፤ ክሩ የሚበጠሰው ጭረቶቹ ራሳቸው ሲበጠሱ ብቻ ነው። የለበስነው ልብስ ተበትኖ የማይወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ያው ሰበቃ ነው እንግዲህ ክሩን በጥቅሉ ላይ የሚይዘው። ግን አንድ ነገር ይፈልጋል።

ጉልበተኛ በሬ የያዘ ገበሬን እናስብ። በሬውን በክንዱ ብቻ ልያዝ ቢል ተጎትቶ ይወድቃል፤ ስለዚህ ገመዱን በዛፍ ግንድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ያዞርና ጫፉን በእጁ ጨብጦ ይቆማል። በሬው ይታገላል፤ ሰውየው ግን እምብዛም አይደክምም። የዚህን ስሌት ሊቀ ሒሳቡ ሌዎናርድ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከእሱ በኋላም ጀርመናዊው መሐንዲስ አይቴልቫይን አውጥተውታል። ዙር በተጨመረ ቁጥር ጫፉን የያዘው ኃይል አይደመርም፤ ይባዛል። የሰበቃው ልክ 0.2 ነው ብንል አንድ ዙር የጫፉን ይዞታ ሦስት እጥፍ ተኩል ያደርገዋል። ሦስት ዙር 43 እጥፍ ያህል፣ አምስት ዙር ደግሞ 535 እጥፍ ያህል ያሳድገዋል። ጫፉ ላይ የ1 ግራም ያህል ይዞታ ካለ፣ ከአምስት ዙር ወዲያ ያለው ክር ግማሽ ኪሎ የሚጎትተው ነገር ቢመጣ እንኳ ንቅንቅ አይልም።

ጫፉን ማንም ካልያዘው ግን ዜሮ በ43 ቢባዛ ዜሮ ነው፤ በ535 ቢባዛም ዜሮ ነው። አምስት መቶ ሜትር ክር የተጠመጠመበት ጥቅል የሚፈታው በዚያች በአንዲት ዜሮ ነው። የመጀመሪያው ዙር ይላላል፤ እሱ ሲላላ ቀጣዩ ጫፍ ይሆናል፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል። መፍትሔውም እዚሁ ላይ ነው፤ ክሩን አንቆ ማሰር አያስፈልግም፤ ለጫፉ ጥቂት ይዞታ ከሰጡት የቀረውን ዙሩ ራሱ ያበዛዋል። ከዚህ በታች የማነሣቸውን የቤት ዕቃዎች ሁሉ የምመዝነው በዚህ ነው።

ለምንድነው ታዲያ አንዱ ክር ጨዋ ሌላው አመለኛ የሚሆነው? የጥጥ ክር ሻካራ ነው፤ በቀላሉ ይተጣጠፋል፤ ባለበት ይቀራል። አንድ ወጥ የሆነው የናይለን ክር፣ ዓሣ ማጥመጃውን የሚመስለው፣ ከሁሉም የከፋ ነው። ምክንያቱ ውፍረቱ አይደለም፤ አለመከፋፈሉ ነው። አንዱን ወጥ ክር ውፍረቱን ሳንለውጥ እርስ በርስ እንደ ልብ የሚንሸራተቱ መቶ ቀጫጭን ክሮች ብናደርገው ግትርነቱ ወደ መቶኛ ይወርዳል። ያልተከፋፈለው ግን እንደ ስፕሪንግ ነው፤ ጠምዝዘው ከለቀቁት ለመቃናት ይፈነጠራል። ለጥልፍ የሚሆነው የሚያብለጨልጭ ክር ደግሞ ግትር ባይሆንም አንሸራታች ነው፤ ያ ውበቱ የሚመጣው ገጹ ልሙጥ ከመሆኑ ነውና ልሙጥነቱ ሰበቃውን ይቀንሰዋል። ለካባ ጥልፍ የሚገባው ወርቅማ ክር በላዩ ቀጭን የብረት ቀለም ያለው ጥብጣብ ተጠምጥሞበታል፤ ያም ጥብጣብ የተጠመጠመበትን ቅርጽ ስለማይረሳ ሲለቀቅ ይጠቀለላል።

የክረቱም ጉዳይ አለ። ክር ሲከርር የገባበት ጉልበት ውስጡ ተቀምጧል። ሲወጠር ዝም ይላል፤ ሲላላ ግን በራሱ ላይ እየተጠማዘዘ ቀለበት ይሠራል። ፈታዮቻችን ይህን ስለሚያውቁ ሁለት ፈትል ሲያጣምሩ በተቃራኒው አቅጣጫ ይገምዱታል፤ አንዱ ሊፈታ ሲል ሌላው ይይዘዋል። ፋብሪካም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ቢሆንም ጥቂት ክረት ሳይመጣጠን መቅረቱ አይቀርም።

በበጋ ደግሞ ፖሊስተር የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል። ጥጥ በተለመደው የአየር እርጥበት ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል ውኃ ስለሚይዝ ያ ሙል ይፈስለታል፤ ፖሊስተር የሚይዘው 0.4 በመቶ ብቻ ነው። አየሩ ሲደርቅ የተላላው የፖሊስተር ጫፍ ከጎረቤቱ ጥቅል ላይ ሄዶ የሚለጠፈው ለዚህ ነው።

ክር በጥቅል መሸጥ ራሱ የቆየ ልማድ አይደለም። የስኮትላንዷ ፔይዝሊ ከተማ ሰዎች የሆኑት የክላርክ ቤተሰቦች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ናፖሊዮን ንግዱን ዘግቶ ሐር በጠፋ ጊዜ፣ ለሐር ምትክ የሚሆን ጠንካራ የጥጥ ክር ሠሩ። በመጀመሪያ የሚሸጡት በቱባ ነበር፤ ገዢው ቤቱ ወስዶ ራሱ ይጠቀልለዋል። ኋላ ላይ በእንጨት ላይ ጠምጥመው መስጠት ጀመሩና ለእንጨቱ ግማሽ ፔኒ መያዣ ይቀበሉ ነበር፤ ባዶውን የመለሰ ሳንቲሙ ይመለስለታል። ዛሬ ባለው የፕላስቲክ ጥቅል ከንፈር ላይ የምትታየው ቀጭን ስንጥቅ ጫፉን የምትይዝ ናት። ብዙ ሰው የፋብሪካ ጉድለት ትመስለዋለች። ካለች ጥሩ፤ ነገር ግን ጠርዟ ሲሻክር ክሩን ስለምትቆርጥ እኔ ብዙም አልወዳትም።

ወደ ቤት ዕቃው እንምጣ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው ፕላስተር ነው፤ ይይዛል፣ ምንም አይካድም። ችግሩ ሙጫው ነው። ሙጫ ግማሽ ፈሳሽ ነገር ስለሆነ ሙቀት ሲነካው ቀስ እያለ ወደ ክሩ ይሰርጋል፤ ሙጫው የሰረገበት ክር በስፌት መኪና መርፌ ቀዳዳ ሲያልፍ ሙጫውን እዚያው ይተውና ስፌት መዝለል ይጀምራል። ብር የሚታሰርበት ላስቲክም ጊዜያዊ ነው። የተፈጥሮ ጎማ ተወጥሮ ሲቀመጥ በአየር ውስጥ ያለው ጥቂት ኦዞን እየበላው ይሰነጣጠቃል፤ በመጨረሻም ክሩ ላይ ተጣብቆ ቢጫ ምልክት ይተዋል። የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጦ ቀለበት ማድረግ ከዚህ ይሻላል፤ አብዛኛው ከመነዳሪ የሚሠራበት ቡቲል የሚባለው ጎማ ኦዞንን ይቋቋማል። ግን ጥቁር ነው፤ ነጭ ክር ላይ አታድርጉት።

የተተረተረ ስቶኪንግ ካለ አትጣሉት። ሦስት አራት ጣት ስፋት ያለው ቀለበት ቆርጦ ጥቅሉን ማልበስ ነው። ስቶኪንግ የተሠራው ከቀለበት ቀለበት ሹራብ ስለሆነ በሁሉም በኩል እኩል፣ በጣም በስሱ ይጫናል፤ ለጫፉ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ሌላው ብልጫው ክሩ ከላይ በኩል እየወጣ እያለም ቢሆን ሳይወልቅ ሥራውን መቀጠሉ ነው። ለጥልፍ ክር የሚሸጡት መረቦች ከዚህ የተለየ ነገር የላቸውም።

እኔ ግን የምመርጠው ሃይላንድ የምንለውን የውኃ ፕላስቲክ ነው፤ ሳይንሱም እዚህ ላይ ይጣፍጣል። ፕላስቲኩና የፖሊስተር ክሩ አንድ ዓይነት ፖሊመር ናቸው፤ ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ የብሪታንያ ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1941 ያገኙት። አንዱ ተስቦ ክር ሆነ፤ አንዱ ተነፍቶ ጠርሙስ ሆነ። ይህ ነገር ሙቀቱ 75 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲያልፍ ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ በያዘው ቅርጽ ይደርቃል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ለዚህ ይበቃል። ከጠርሙሱ ወገብ የጥቅሉን ያህል ከፍታ ያለው ጥብጣብ ይቆረጥና ማዕዘኖቹ በመቀስ ይክበቡ። ጥብጣቡ ከጥቅሉ ትንሽ በሚቀጥን የመጥረጊያ እንጨት ላይ ይጠቅለልና በክር ይታሰር። የፈላ ውኃ ውስጥ ጥቂት አቆይቶ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር ነው። ሲፈታ ጎኑ የተከፈተ ቀለበት ሆኗል፤ ጥቅሉ ላይ ሲጭኑት ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል። ብርሃን ስለሚያሳልፍ የክሩ ቀለም ይታያል። ግን ክሩ ራሱ የፈላው ውኃ ውስጥ እንዳይገባ፤ ሥራውም ከልጆች ርቆ ይደረግ። የስፌት መኪናዋ ትንሿ ቦቢንም ቀለበቱን አሳንሰው ከሠሩላት እንዲሁ ትያዛለች።

ምንም በሌለበት ደግሞ ክሩ ራሱ ይበቃል። ጫፉን በጣት ላይ አንድ ጊዜ አዙሮ ቀለበት ይሠሩና ያንን ቀለበት በጥቅሉ አናት አጥልቆ መሳብ ነው። ክሩ የራሱን ጫፍ ስለሚጫነው ዜሮዋ ትጠፋለች፤ ሲፈለግ ቀለበቱን ገፋ ማድረግ ይበቃዋል። ለእጅ ስፌት የተቆረጠውን ክር በጧፍ ወይም በሰም ማሸትም የቆየ ብልሃት ነው፤ ሰሙ የተነሡትን ጭረቶች ያስተኛል፣ ክሩም በራሱ ላይ መጠማዘዙን ይቀንሳል።

አመሉ የሚብሰው አንዳንዴ ከአሳሳባችን ነው። ዙሮቹ ጎን ለጎን የተደረደሩበት ጥቅል መፈታት ያለበት ራሱ እየዞረ ነው። ቆሞ በአናቱ በኩል ከተሳበ እያንዳንዱ ዙር አንድ ክረት ይጨምርበታል ወይም ይቀንስበታል። ክሩ እየተሻገረ የተጠመጠመበት፣ በገጹ ላይ የመስቀል ምልክት የሚታይበት ደግሞ ለአናት መውጫ የተሠራ ነው፤ እሱን በጎን መሳብ ዙሩን ያናጋዋል።

አንዴ ከተወሳሰበ በኋላስ? ሬይመርና ስሚዝ የተባሉ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ገመድ በሣጥን ውስጥ አድርገው 3,415 ጊዜ አሽከርክረውታል። በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ቋጠሮ ሲሠራ አይተዋል፤ የተለያዩት የቋጠሮ ዓይነቶች 120 ነበሩ። ለዚህም በቀጣዩ ዓመት የሚያስቅ ከዚያም የሚያሳስብ ምርምር የሚሸለምበትን ኢግ ኖቤል ወስደዋል። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ሌላው ግኝታቸው ነው፤ ከ46 ሴንቲ ሜትር ያጠረው ገመዳቸው ቋጠሮ አልሠራም። ስለዚህ የተላላው ጫፍ አንድ ክንድ ሳያልፍ ከተያዘ ነገሩ ገና ቀላል ነው። ካለፈ ግን ጫፉን መሳብ የገበሬውን ስሌት በራስ ላይ ማዞር ነው፤ ቋጠሮው ውስጥ ያለው ዙር ሁሉ ጉተታውን እያባዛ ይጠብቃል። ከመሳብ ይልቅ ከመሀል እያላሉ ማስፋት ይሻላል። ሁለት ሜትር ያህሉ አልፈታ ካለ ደግሞ በመቀስ ቆርጦ ጥሎ አዲሱን ጫፍ ወዲያው ማስያዝ ነው፤ ከአምስት መቶ ሜትር ላይ ሁለት ሜትር ለማንም አያጎድልም።