ምጣድ ላይ አልጠቁር ያሉ የቡና ፍሬዎች

ቡና ሲቆላ ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁሉም ፍሬ እኩል እሳት እያገኘ፣ ጥቂቶቹ ግን ገርጥተው ይቀራሉ። ግምጃ ቤት አክስቴ ቤት ከጓሮዋ የተለቀመውን ቡና ስቆላ እነዚህን ገርጣጣዎች ለይቼ አኘክኋቸው። ገለባ ገለባ ይላሉ፣ አፍም ያኮማትራሉ። ጥፋቱ የምጣዱ አይደለም። ፍሬዎቹ ሳይበስሉ የተለቀሙ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡና ሲቆላ የሚጠቁረውና ያ ደስ የሚል ሽታ የሚመጣው፣ ፍሬው ውስጥ ያሉት ስኳርና ፕሮቲን ነክ ነገሮች በሙቀት ስለሚዋሃዱ ነው። አረንጓዴ ሳለ የተለቀመ ፍሬ በቂ ስኳር አላጠራቀመም፤ ስለዚህ ብንቆላውም በደንብ አይጠቁርም።

ታዲያ ስኳሩ እንዲጠራቀም የሚረዳው ምንድን ነው? አንዱ ቦታው ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። ቀዝቀዝ ባለ አየር ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ጊዜ ስላገኘም ጠንካራና ጣዕመ ብዙ ይሆናል። ከልክ በላይ ከፍ ካልን ግን ውርጭ ተክሉን ይጎዳዋል። ጥላም እንዲሁ ሙቀቱን ያበርዳል። በጣና ሐይቅ ዳር፣ በዘጌ ገዳማት ዙሪያ ቡና በደን ውስጥ የሚበቅለው፣ በብዙ ጓሮዎችም ዋንዛና ብሳና ከቡናው በላይ የሚቆሙት ለከንቱ አይደለም።

ቦታው ይህን ሁሉ ቢሰጥም፣ ቀሪው የእጅ ሥራ ነው። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ያሉ ፍሬዎች በአንድ ቀን አይበስሉም። ቀይ ቀዩን ብቻ ለመልቀም ደግሞ ወደ አንዱ ዛፍ ብዙ ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል። ከዚያ ማድረቁ አለ። እሸት ቡና ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ ወደ 11 ወይም 12 በመቶ መውረድ አለበት። መሬት ላይ ከተሰጣ እርጥበትና የአፈር ሽታ ይስባል፤ ከተከመረ ይሻግታል። ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ሳስቶ ሲሰጣና ቶሎ ቶሎ ሲገላበጥ ግን አየር ከላይም ከታችም ያገኘዋል።

የቸኮሌቱ ካካዎም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። እሱ ሞቃትና እርጥብ ቆላ ስለሚፈልግ ግምጃ ቤት አይበቅልም። ነገር ግን የትም ይብቀል፣ ፍሬው ከነልጋጉ ለቀናት ካልተብላላ የቸኮሌት ጣዕም በደንብ አይወጣውም። እዚያም ቦታ ብቻውን አይበቃም።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ስተነትንላት ሳቀች። «ልጄ፣ ነጋዴው ቀዩንም አረንጓዴውንም ባንድ ዋጋ ነው የሚወስደው። ይብሰል ብዬ ብጠብቅ ደግሞ ሌባ ይቀድመኛል» አለችኝ። እኔ መሐንዲሱ ያላሰብኩት ነገር ይህ ነበር። ቀይ መልቀም ጉልበትና ቀን ይበላል፤ ዋጋው ካልተለየ ማን ይደክማል?

ልዩ ጣዕም ያለው የሚባለው ቡና ዋጋው የሚለየው በቅምሻ ነው። ሠልጣኝ ቀማሾች ከ100 ነጥብ ይሰጡታል፤ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ያልፋል። ኢትዮጵያ በ2020 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለውን ውድድር ስታስተናግድ፣ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና ነበር። በጨረታም ከተራ ቡና ዋጋ በብዙ እጥፍ ተሸጧል። ልፋት ዋጋ የሚያገኘው ጣዕሙን ለክቶ የሚከፍል ገዢ ሲኖር ነው።

እስከዚያው መለኪያ እቤታችሁ አለ። ቡና ሲቆላ 100 ፍሬ ቁጠሩና ስንቱ እንደገረጣ መዝግቡ። ከዚያ ቀይ ቀዩን ብቻ ለቅማችሁ፣ ከፍ ባለ አልጋ ላይ አድርቃችሁ ድገሙት። እኔና አክስቴ በሚቀጥለው ለቀማ ከሁለት ዛፍ ለመጀመር ተስማምተናል፤ ለቤት ጠባቂው ውሻ ቅርብ ከሆኑት።