ወጌሻው ካሰረ በኋላ

መሐል ሜዳ ነርስ ሳለሁ አንዲት አያት፣ በግ ሲጠብቅ የወደቀ የልጅ ልጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው አመጡ። ወጌሻ ክንዱን በሸምበቆ አጥብቆ ካሰረው ሦስተኛ ቀኑ ነው። «ሲያለቅስ ሰነበተ፤ ዛሬ ግን ተሻለው መሰል ዝም አለ» አሉኝ። ያስደነገጠኝ ዝምታው ነበር። ጣቶቹ ጠቁረው ቀዝቅዘዋል፤ ብነካውም አይሰማውም። እጁ አልተረፈም።

ወጌሻን አልነቅፍም፤ የኔንም ወለምታ ያሸልኝ ወጌሻ ነው። ግን የተሰበረ ክንድ ያብጣል፤ እስሩ አብሮት አይሰፋም። ደም ያልደረሰው ጡንቻ በ6 ሰዓት ገደማ መሞት ይጀምራል። ልጁ ጣቱን ሲዘረጉለት አብዝቶ ከጮኸ፣ ጣቱ ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ሌሊትም ቢሆን እስሩን ፈትታችሁ ሆስፒታል አድርሱት። አጥንቱ ይላቀቃል ብላችሁ አትፍሩ፤ እሱን እዚያ መልሰው ያቃኑታል።