ከወረኢሉ ሌሊት ስልክ ሲደወል፦ ሃርት አታክና የሰዓት ጉዳይ

የዛሬው ጽሑፍ በተለይ እናንተ አዲስ አበባ፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆናችሁ፣ እናት አባታችሁ ወረኢሉ፣ ካቤ፣ አቀስታ ወይም መካነ ሰላም ላሉባችሁ ነው። ለምን መሰላችሁ? አባባን ሌሊት ደረታቸውን ሲያማቸው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደወለው ለአምቡላንስ ሳይሆን ለእናንተ ነው። «አባባን ጨጓራቸው ተነስቶባቸዋል፣ ምን እናድርግ?» ይባላል። እናንተ «እስኪ ይንጋና ይታያል» ካላችሁ ይጠበቃል። «አሁኑኑ ውሰዷቸው» ካላችሁ ይወሰዳሉ።

መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። ሰው «ልብ ድካም» ሲል ሁለት በሽታ ይቀላቅላል። ልብ ድካም የሚባለው ልብ ደም የመግፋት አቅሙ ሲቀንስ ነው፤ እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ተኝቶ ማደር ያቅታል። ሃርት አታክ ግን ልብን ራሱን የሚመግበው ደም ስር በረጋ ደም ድንገት ሲዘጋ ነው። ዝምድና ግን አላቸው፤ ሃርት አታክ ይዞት ዘግይቶ የደረሰ ሰው ብዙ ጊዜ ልብ ድካም ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው።

ደም ስሩ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ የልብ ጡንቻ መሞት ይጀምራል። ሞቱ ከልብ ግድግዳ ውስጠኛው ክፍል ተነስቶ ወደ ውጭ እየሰፋ ይሄዳል፤ በ6 ሰዓት ውስጥ የሚሞተው አብዛኛው ሞቷል። የሞተው ጡንቻ ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳ ደግሞ አይኮማተርም፣ ደም አይገፋም።

«ይሄን በምን አወቃችሁ?» ለምትሉኝ፦ እ.ኤ.አ. በ1986 ጣሊያን ውስጥ ጂሲ የተባለ ትልቅ ጥናት ከ11 ሺህ በሚበልጡ ሕሙማን ላይ ስትሬፕቶካይኔዝ የሚባል የረጋ ደም ማሟሟያ ሞከረ። ሕመሙ በጀመረ በ1 ሰዓት ውስጥ ባገኙት ላይ ሞት በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ከ6 ሰዓት በኋላ በወሰዱት ላይ ግን ጥቅሙ አልታየም። ያው መድኃኒት፣ ያው መጠን! በ1988 የወጣው አይሲስ-2 ደግሞ ከ17 ሺህ በላይ ሕሙማን ነበሩት። እዚያ ላይ አስፕሪን ብቻዋን በመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ሞትን በ23 በመቶ ገደማ ቀንሳለች። የሳንቲም መድኃኒት ናት እኮ፤ ሰው ግን ርካሽ ስለሆነች ይንቃታል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አዲስ አበባ ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች በተሠሩ ጥናቶች ብዙዎቹ ሕሙማን የሚደርሱት ከ12 ሰዓት በኋላ ነው፤ አንዳንዱም ከቀናት በኋላ። ይሄ የከተማው ነው። የወረኢሉን እናንተ ገምቱት። (ምኒልክ በ1888 ለአድዋ ክተት ሲያውጁ ሠራዊቱን ወረኢሉ ላይ ነበር የቀጠሩት፣ እስከ ጥቅምት እኩሌታ። አገሩ የቀጠሮ አገር ነው።) ከወረኢሉ ደሴ መቶ ኪሎሜትር አይሞላም። መንገዱ ዳገት ነው፣ የጉጉፍቱ ጉምና ብርድም አለ፤ ከመካነ ሰላም ሲሆን ደግሞ ይረዝማል። ቢሆንም እኔ እንዳየሁት ትልቁ ሰዓት የሚባክነው መንገድ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው።

አንድ ከዚያው አካባቢ የመጡ የ60 ዓመት አባት አሉ። ሕመሙ የጀመራቸው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ላብ አጠመቃቸው፣ አስመለሳቸው። «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ታሸላቸው። ትንሽ ቆይቶ «ጨጓራ ነው» ተባለና ወተት ጠጡ። ጠዋት አንድ ክሊኒክ የዲክሎፌናክ መርፌ ተወጉ፤ ሕመሙ በረድ ሲል ወደ ቤት ተመለሱ። በማግስቱ ትንፋሽ ሲያጥራቸው መኪና ተፈለገ። እኔ ጋ ሲደርሱ 36 ሰዓት ገደማ አልፏል። በልብ አልትራሳውንድ የልባቸው ግፊት 30 በመቶ ነበር፤ የጤነኛ ሰው ከ55 በመቶ በላይ ነው። ዛሬ በሕይወት አሉ፣ አልሐምዱሊላህ ይላሉ፤ ማረሻ ግን አልያዙም። በሬዎቹን ልጃቸው ነው የሚጠምደው።

ስለ መርፌው አንድ ነገር ልበል። ዲክሎፌናክ ለልብ ሕመምተኛ ጥሩ አይደለም። በዚያ ላይ ጡንቻ ላይ የተወጋ ሰው በኋላ የደም ማሟሟያ ቢሰጠው ቦታው ሊደማ ይችላል። ደረቱን ላመመው ሰው ከመርፌ በፊት ኢሲጂ ይቀድማል። ሰውየው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ መነሳት አለበት።

እንግዲህ ስልኩ ተደወለ። ምን ትጠይቃላችሁ? ደረት መሐል እንደ ድንጋይ የተጫነ፣ የሚያጨናንቅ ሕመም ነው? ወደ ግራ ክንድ፣ አንገት፣ መንጋጋ ወይም ጀርባ ይሄዳል? ቀዝቃዛ ላብ አለ? ከ15 ደቂቃ በላይ ቆየ? አዎ ከሆነ አትከራከሩ። ስኳር ያለባቸው፣ ሴቶችና አዛውንት ደግሞ ደረታቸውን ላያማቸው ይችላል፤ የሆድ አፍ ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ ድንገተኛ ድካም ወይም የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊሆን ይችላል። አንዲት የ54 ዓመት እናት፣ ስኳር አለባቸው፣ «ቃር ነው» ብለው ነበር። አዲስ አበባ ያለች ልጃቸው በስልክ አልቅሳ አስገደደቻቸውና ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሆስፒታል ደረሱ። አሁን ገበያ ይወርዳሉ።

አስፕሪን ቤት ካለ ያኝኩት፤ ባለ 300 ከሆነ አንድ፣ ባለ 81 ከሆነ አራት። አለርጂ ያለበት፣ ደም የሚያስመልሰው ወይም ሰገራው የጠቆረ፣ ፊቱ የተጣመመ ወይም ግማሽ ጎኑ የዛለ ሰው ግን አይወስድም። በእግር አይሂዱ፣ ብቻቸውን አይሁኑ፣ ራሳቸው አይንዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ካልተገኘ የተገኘው መኪና። ዱዓውም ጸሎቱም መኪና ውስጥ ይቻላል። መጀመሪያ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል፤ ወረኢሉም፣ አቀስታም፣ መካነ ሰላምም አለ። ኢሲጂ ተነስቶ፣ መድኃኒት ተጀምሮ ወደ ደሴ ሪፈር መባሉ ይሻላል። እናንተ ደግሞ ከከተማ ሆናችሁ የሪፈሩን ነገር በስልክ ተከታተሉ፤ ይሄ እንኳን ሰዓት ይቆጥባል።

«ደም ማሟሟያው በየሆስፒታሉ የለም፣ በካቴተር የሚከፈተውም በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው፣ ታዲያ መሮጡ ምን ይጠቅማል?» የሚል አለ። ይጠቅማል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሰው በብዛት የሚሞተው የልብ ምቱ ድንገት ተዛብቶ ነው፤ ያን ጊዜ የልብ ማስነሻ ማሽን አጠገብ መሆን ሌላ ነገር ነው። 12 ሰዓት ካለፈም «አልፏል» ብላችሁ አትተኙ፤ በተለይ ሕመሙ ካልቆመ።

ስለ ማገገም፦ በመጀመሪያው ሳምንት የታየው የልብ ግፊት የመጨረሻው አይደለም። ከጡንቻው ያልሞተ፣ የደነዘዘ ብቻ አለ፤ እሱ በሳምንታት ውስጥ ሊነቃ ይችላል። ስለዚህ ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ አልትራሳውንዱ ይደገም። በዚህ መሐል ሐኪሙ በፈቀደው ልክ በየቀኑ በሜዳ ላይ መራመድና ቀስ እያሉ መጨመር፤ ዳገቱ ይቆየን። ሲጋራ በቃ። ጫትም ልብን ይጎዳል፤ ወሎ ላይ ይሄን መጻፍ ወዳጅ እንደማያበዛልኝ አውቃለሁ።

በጣም የምፈራው ግን መድኃኒት ማቋረጥን ነው። «ተሽሎኛል» ተብሎ ወይም ጾም ገብቶ ኪኒኑ ይቆማል፤ በተለይ የልብ ቀለበት (ስቴንት) ለገባለት ሰው ይህ ደም ስሩን መልሶ ሊዘጋው ይችላል። በሁዳዴም በረመዳንም በሽተኛ እንዲበላ የሃይማኖት አባቶቹ ራሳቸው ይፈቅዳሉ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አይጹሙ። ከዚያ በኋላ መጾም የፈለገ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ኪኒኑን በሙሉ ይዞ ሐኪሙ ጋ ይምጣ፤ ብዙዎቹን ወደ ማታ ማዞር ይቻላል።